ሰበብ ያጣ ደጋፊ

የብሔራዊ ቡድናችን ደጋፊ ከጨዋታ በፊት ሁለት ነገር ያሰናዳል፤ ማልያና ሰበብ። ማልያ ከጠፋ ከጎረቤት ይዋሳሉ። ሰበብ ግን ውሰት የለውም። አስቀድሞ ካልተሰናዳ፣ ሽንፈት ሲመጣ ሰው ፊት የሚቆሙበት ይጠፋል። ደግነቱ በዚህ ሙያ የሚስተካከለን የለም። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት ጥበቃ በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ቡርኪና ፋሶ አራት አግብታ ስታሳፍረን «ሜዳው አሸዋ ነው» አልን። እውነትም አሸዋ ነበር። ቡርኪናዎቹም የተጫወቱት እዚያው አሸዋ ላይ እንደሆነ፣ ያውም ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው በ10 ሰው እንደጨረሱ የሚያነሳ ሰው ግን በዚያ ሰሞን ቡና አይጠራም ነበር። በ2006 ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ ስትመልሰን «አውሮፓ የሚጫወቱ ግዙፎች ናቸው» አልን። በሰኔ 2009 ጋና ኩማሲ ላይ አምስት ስታገባብን ወበቁን ከሰስን። ወበቁ መልስ አልሰጠም፤ ሰበብ ጥሩ የሚሆነው የተከሰሰው ወገን መልስ የማይሰጥ ሲሆን ነው።

በ2011 መጀመሪያ ላይ ግን ከኬንያ ጋር ተጋጠምንና ጉድ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2019 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴራሊዮን ጋር አንድ ምድብ ነበርን። መስከረም 30 ቀን፣ ረቡዕ፣ ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ላይ ኬንያን ገጥመው 0 ለ 0 ወጡ። የመልሱ ጨዋታ ለጥቅምት 4፣ እሁድ፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ተቀጠረ። ሁለታችንም አራት አራት ነጥብ ይዘናል። በኩማሲ አምስቱ እዳ ላይ እኛ ጳጉሜ ውስጥ ሀዋሳ ላይ ሴራሊዮንን 1 ለ 0 አሸንፈን ትንሽ ቀና ብለናል። ኬንያዎች በሴራሊዮን ተሸንፈው፣ በዚያው በጳጉሜ ጋናን እዚያው ካሳራኒ 1 ለ 0 ረትተዋል። በዚህ ላይ መስከረም 25 ፊፋ ሴራሊዮንን አገደ፤ መንግሥት በፌዴሬሽኑ ሥራ ገባ ብሎ። አንድ ቡድን ከመንገድ ተነሣልን ማለት ነው። ከምድቡ ሁለት ያልፋል። ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ የማይጓጓ ኢትዮጵያዊ ካለ ወይ ኳስ አይወድም፣ ወይ ሒሳብ አይችልም።

እኔ ያን ሰሞን የምኖረው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ነው። ስሙን የተጋራው ለንደን ካለው የባለጸጎች ክለብ ጋር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፖሎን ደንብ ጽፎ ያሰራጨው ክለብ ማለት ነው። የኛው ሁርሊንግሃም ውስጥ ፈረስ የለም። በፈረሱ ፈንታ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት አለ፤ ደንብ የጻፈለት ሰው ግን የለም። ሰፈሩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ በአርግዊንግስ ኮድሄክ ስም ይጠራል፤ ከኬንያ ጥቁሮች የመጀመሪያው ጠበቃ የነበሩ፣ ኋላም ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። አዲስ መጪው ሐበሻ ስሙን አንድ ሁለቴ ሞክሮ ካልሆነለት «ያያ ጋ» ብሎ የገበያ ማዕከሉን ይጠራና ይገላገላል። በዚሁ መንገድና በዙሪያው የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ግቢያቸው ሰፊ፣ ዛፋቸው ጥላ ያለው፣ ቡናቸው በረከቦት የሚቀርብ። ኬንያዊውም ደንበኛ ነው፤ ክትፎ ያዛል፣ ከዚያ «በደንብ አብስሉልኝ» ብሎ የክትፎውን ነገር ያበላሸዋል።

ረቡዕ ማታ ከባሕር ዳሩ ጨዋታ በኋላ ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ የተሰበሰብነው ለሌላ አይደለም፤ ሰበብ ለመፈለግ ነው። ማንም በዚህ ስም አልጠራውም። «ስለ ጨዋታው እንወያይ» ነው የተባለው። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት «ሻምበል» እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው፤ በ1983 በሞያሌ ተሻግረው የቀሩ። አንድ የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ እርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ። አንድ ነጋዴ ወዳጄ አለ፣ ዕቃ ከናይሮቢው ኢስሊ ገበያ እየገዛ ሞያሌ የሚልክ። ሌሎቹ እንደኔው ያሉ ጯሂዎች ናቸው።

«ከፍታው ይጎዳናል» አለ አንዱ፣ እንደ ልማዱ።

«የምን ከፍታ?» አሉ ሻምበል። «ናይሮቢ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ልጆቹ ሲነሡ ከነበሩበት ደረጃ ላይ ነው የሚያርፉት።»

ከፍታ እንዲህ ወደቀ። ጉዞ ተነሣ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት በረራ ነው፤ ከሜክሲኮ አደባባይ ቦሌ በሥራ መውጫ ሰዓት የተጓዘ ሰው ይህን ሰበብ ብሎ ሊያነሳው አይደፍርም። ምግብ ተባለ። ምግቡን ያለው ሰው እጁ እንጀራው ላይ ስለነበረ ራሱ አፍሮ ተወው። የሰዓት ለውጥ? የሰዓት ለውጥ የለም። እንዲያውም ይባስ ብሎ ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እኛ አስር ሰዓት የምንለውን እሱም አስር ነው የሚለው። ከመላው ዓለም ተለይተን በምንኮራበት ነገር እንኳ ተጋርተውናል። ብርድ፣ ሙቀት፣ ዝናብ? ያው ነው። ኑሮ ውድነት? ያው ነው። የፌዴሬሽን ጭቅጭቅ? ኧረ እዚህ ላይ እንዲያውም እንቀራረባለን።

«ኦሉንጋ ረጅም ነው» አለ ነጋዴው ወዳጄ፣ የመጨረሻዋን ጥይት እንደሚተኩስ ሰው። ማይክል ኦሉንጋ አጥቂያቸው ነው፤ ያኔ ጃፓን ካሺዋ ሬይሶል ነበር የሚጫወተው።

«ረጅም ሰው አገራችን ጠፍቶ ነው?» አሉ ሻምበል። ዝም ተባለ።

ዳኛ ብቻ ቀረ። ዳኛን ግን አስቀድሞ ማሰናዳት አይቻልም። ዳኛ እንደ ጥሬ ሥጋ ነው፤ ሰበብ የሚሆነው ትኩሱን፣ ያኔ በጨዋታው ሰዓት ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የተረዳነው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ኬንያ እኛው ነን። ሩጫው ያው፣ ሻዩ ቡናው ያው፣ ተራራው ያው፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እብደቱ ያው። ሁሉ ነገር ከተካከለ የቀረው ልዩነት ኳሱ ብቻ ነው። በኳስ ብቻ የተሸነፈ ሰው ምን ብሎ ቤቱ ይገባል?

ስለ እብደቱ ካነሳሁ የሕንፃችንን ዘበኛ ሳላነሳ አላልፍም። የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ እኔም ነኝ። ቬንገር ከሄዱ በኋላ ኡናይ ኤምሬ የተረከቡት ቡድን በዚያ ሰሞን ድል በድል ሆኖ፣ መስከረም 27 ፉልሃምን በሜዳው 5 ለ 1 ደብድቦ ነበር። በዚያ እሁድ በሩ ላይ ተቃቅፈናል። ከዚያ የእንግሊዝ ሊግ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ተቋረጠ፣ ወንድማማችነታችንም አብሮ ተቋረጠ። ሌላ ጊዜ «ቦስ» የሚለኝ ሰው ከረቡዕ ጀምሮ «ኢትዮጵያ» ይለኝ ጀመር። «ኢትዮጵያ፣ እንደምን አደርክ?» «ኢትዮጵያ፣ ውሃ ጠፍቷል፣ ከሰዓት ይመጣል።» የአንድ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ስም ተሸክሞ ባልዲ ይዞ መውረድ ቀላል አይምሰላችሁ።

እሱም ቢሆን የራሱ ጭንቀት ነበረበት። የኬንያ አምበል የነበረው ቪክቶር ዋንያማ ያኔ የሚጫወተው ለቶተንሃም ነበር። አርሰናልን የሚደግፍ ሰው ቶተንሃምን ምን ያህል እንደሚጠላ ለኳስ ወዳድ አይነገርም። ዘበኛው ዋንያማን ዓመቱን ሙሉ ሲረግመው ይከርምና ካሳራኒ ሲመጣ ሊያጨበጭብለት ነው። ይህን ስጠይቀው ኮስተር አለ። «ለንደን እያለ አላውቀውም» አለኝ፤ «ካሳራኒ ሲመጣ የእናቴ ልጅ ነው።» ቀናሁበት። እኔ ዋንያማን ለንደንም ናይሮቢም ያለ ምንም የሕሊና ጭንቀት መጥላት እችል ነበር፤ ይሁንና ያ ሁሉ ጥላቻ ኳሱን ከእግሩ አያስጥለውም።

ሐሙስ ጠዋት ክርክሩ ወደ ሩጫ ዞረ። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ገና መስከረም 6 ቀን በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ዘበኛው ይህን ሲነግረኝ የሮጠው እሱ ራሱ ነበር የሚመስለው። «የ5,000ና የ10,000 ሜትሩ የማን ነው?» አልኩት። ያኔ የቀነኒሳ ነበር፤ ያውቃል። ትንሽ ዝም አለና አንድ ሐሳብ አቀረበ። እሁድ ዳኛው ኳሱን ከሜዳ ያስወጣው፤ ሃያ ሁለቱ ልጆች በካሳራኒ መም ላይ ዝም ብለው ይሩጡ። እንዲህ ቢሆን የመላው ዓለም ቴሌቪዥን ይመጣ ነበር። በዚህ ተስማማን። ችግሩ ኳሱ ነው፤ ለሁለታችንም።

ሰበብ ያጣ ሰው የሚሸሸው ወደ ታሪክ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወስደናል። ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ ጎል አግቢ፣ ዋንጫውን የሰጡት ጃንሆይ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮችም አንዷ እኛ ነን፤ ይድነቃቸው ከ1964 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ መርተውታል። ኬንያ ነፃነቷን ያገኘችው በ1956 ነው። ዋንጫውን ስናነሳ ኬንያ የምትባል ተጋጣሚ አገር ገና በዓለም ካርታ ላይ ራሷን አልቻለችም። ይህን የጃንሆይ ስም ያለበት ጎዳና መሀል ናይሮቢ ላይ እያለ መናገር ደረት ያስነፋል። ዘበኛው ሁሉንም በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «ያኔ አንተ ስንት ዓመትህ ነበር?» አለኝ። አልተወለድኩም ነበር። ይህ ክፉ ጥያቄ ነው፤ በሕግ መከልከል አለበት።

ሻምበል ብቻ ናቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው። 1954ን በልጅነት ያስታውሳሉ። በ1980 ደግሞ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ ሴካፋን፣ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትተን ስንወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ በነበሩበት የጦር ሰፈር ጥበቃው ሁሉ መሣሪያውን ትቶ ሬዲዮኑን እንደከበበ ይነግሩናል። «ያን ሌሊት ጠላት ቢመጣ ይዞን ነበር» ይላሉ። ከዚያ «ጠላትም እያዳመጠ ይሆናል» ብለው ያጽናኑናል።

የቀረው ተስፋ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ባለሙያችን አርብ ማታ ሶፍት ወረቀት ዘርግቶ አስረዳን። ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ከጨረሱ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤታቸው ነው፤ እሱም እኩል ከሆነ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ይታያል። ባሕር ዳር ላይ 0 ለ 0 ነን። ስለዚህ ካሳራኒ ላይ 1 ለ 1 ብንወጣ ከኬንያ ጋር እኩል ሆነን ሳለ ከኬንያ እንበልጣለን። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፤ ከጎናችን ያሉት ኬንያውያን አማርኛ የሰሙ ይመስል።

«ዜሮ ለዜሮስ?» አለ አንዱ።

ዜሮ ለዜሮ ለኛ ባዕድ አይደለም። በኅዳር 2006 ኬንያ ሴካፋን ስታስተናግድ መክፈቻው ከእኛ ጋር ነበር፣ ንያዮ ስታዲየም፤ 0 ለ 0። በ2007 ክረምት መግቢያ ላይ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ባሕር ዳር 2 ለ 0 አሸንፈን ናይሮቢ መጣን፤ 0 ለ 0። አሁን ደግሞ ረቡዕ ዕለት እንደገና። ተስፋ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ናይሮቢ ላይ እኛና እነሱ ስንገናኝ ጎሉ ራሱ ይፈራል። ነገር ግን ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ምንም እንዳይሆን የሚጸልይ ደጋፊ ደስታው ምን ላይ እንደሆነ አሁን ሳስበው አይገባኝም። ያኔ ግን ግልጽ ነበር።

እዚህ ላይ የነጋዴው ወዳጄ ጉዳይ ወጣ። ኬንያ ውስጥ ውርርድ በስልክ ነው። ኤም-ፔሳ ላይ ብር ያለው ሁሉ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ሲመቸውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ፣ ስለማያውቀው የስዊድን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወራረዳል። ወዳጄም 1,000 ሺሊንግ አስይዟል። ለኬንያ!

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። «ለማን?» አሉ ሻምበል።

«ቆይ አስረዳለሁ» አለ። «ኢትዮጵያ ካሸነፈች 1,000ዋን እንደ ስለት እቆጥራታለሁ። በደስታ ነው የምሰጣት። ከተሸነፍን ደግሞ ቢያንስ ባዶ እጄን አላዝንም።»

ክህደት ነው አይደለም በሚል ክርክሩ እኩለ ሌሊትን አለፈ። ሻምበል በነበሩበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በምን እንደሚቀጣ ተናገሩ፤ እዚህ አልደግመውም። የሒሳብ ባለሙያው «አደጋን ማከፋፈል ነው፤ ሙያው የታወቀ ነው» ብሎ ተከላከለለት። እኔ ተቆጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን ስልኬን ከፈትኩና ኬንያ ስንት እንደምትከፍል ብቻ አየሁ። ማየት ምንም አይደለም። ትንሽ ነው የምትከፍለው፤ አወራራጆቹ ኬንያ ታሸንፋለች ብለው ስለሚያስቡ። ስድብ መሰለኝና ዘጋሁት።

ከውርርዱ በላይ ያጣላን ባንዲራው ነው። አንባቢ ያን ጊዜ ያስታውሳል፤ ዓመቱ ሲጠባ አገር ቤት ባንዲራ መንገድ ላይ ደም እስከማፋሰስ ደርሶ ነበር። ካሳራኒ ይዘን የምንገባው ባለ ኮከቡን ነው ወይስ ልሙጡን? አሰላለፋችን 4-3-3 ይሁን 4-4-2 በአንድ ሲኒ ቡና አለቀ። ባንዲራው ሦስቱንም ዙር ፈጀ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በመጨረሻ ቡና የምታፈላው ልጅ ከረከቦቱ ኋላ ሆና «ሻሽ እሰሩ! ሻሽ ላይ ኮከብ የለም፣ ልሙጥም አይባል» አለች። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የአንገት ሻሽ ሆኖ ጸደቀ። አገር ቤት ያሉት ፖለቲከኞች እሷን ቢያማክሯት ምን ነበረበት እላለሁ፣ ግን ወግ እየጻፍኩ ነው።

ቅዳሜ ሌላ ዓይነት ፍርሃት መጣ፤ ብናሸንፍስ? ይህ ፍርሃት እስከ ቅዳሜ ድረስ ለምን እንዳልመጣብን የታወቀ ነው። ካሳራኒ ያኔ በኬንያ ትልቁ ስታዲየም ነበር፣ ወደ 60,000 ሰው ይይዝ ነበር። የኢሱኩቲ ከበሮ ይዘው የሚመጡት የሉህያ ልጆች ብቻቸውን ጆሮ ይደፍናሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ አሳዝነን፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አንገታችን ላይ አስረን በቲካ መንገድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ጥበቃ ልንቆም ነው? እውነቱን ለመናገር ኬንያዊ ደጋፊ በእንግዳ ላይ እጁን ሲያነሳ አይቼ አላውቅም፤ ቢበዛ ይዘፍንብሃል። ቢሆንም ሁሉም ሰው ከሻሹ በላይ የሚለብሰው ዚፕ ያለው ጃኬት አዘጋጀ። ጃኬቱን የምንዘጋው ካሸነፍን ነው ተባለ። ከተሸነፍንስ? ከተሸነፍን መዝጋት አያስፈልግም፤ የተሸነፈ ሰው ማንም አይነካውም። ከዕቅዶቻችን ሁሉ በተግባር የዋለው ይኸኛው ብቻ ነው።

ማታ የባለቤቴ እናት ጋ ገባሁ። ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ ጽጌን ይጾማሉ፣ ጸሎታቸው ይሰማል እየተባሉ በዘመድ ዘንድ የታወቁ ናቸው። «እማማ፣ ነገ ለቡድናችን ጸልዩልን» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አንስተው አዩኝ። «ከማን ጋር ነው?» «ከኬንያ።» «እነዚህ በር ላይ ያሉት ደጋጎች ልጆች?» «አዎ።» ትንሽ አሰቡ። «ልጄ፣ የነሱም እናቶች እኮ እየጸለዩ ነው። እግዚአብሔርን ምን አድርግ ልበለው?» አሉኝ። ከዚያ ግን ስወጣ ሲሰሙኝ «አቻ ይሁን» ብለው ሲያንሾካሽኩ ጆሮዬን ሰጠሁ። የሒሳብ ባለሙያውን በስንት ለስንት አቻ እንደሚያስፈልገን እንዲያስረዳቸው ልጠራው ቃጥቶኝ ነበር።

ሰው ከጨዋታ በፊት ባለችው ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደማይተኛ የሚያውቀው የሚሸነፍ ቡድን የሚደግፍ ሰው ብቻ ነው። የሚያሸንፍ ቡድን ደጋፊ ይተኛል፤ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚጠብቀው። የኛ ሰው ግን ጣራ ጣራ እያየ ጎል ያገባል። እኔ በዚያች ሌሊት ጌታነህ ከበደን አስገብቼዋለሁ፣ ሽመልስ በቀለን ሁለት ጊዜ አሻግሬዋለሁ፣ ዋንያማን በቀይ ካርድ አስወጥቻለሁ። ወደ ንጋት ላይ 3 ለ 1 እየመራን ሳለ ዶሮ ጮኸ፤ ሁርሊንግሃም ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ኦሉንጋ አገባ። ኤሪክ ጆሃና አገባ። ሁለቱም ከእረፍት በፊት ነው። ከእረፍት በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠና ቶተንሃሙ ሰውዬ፣ ዋንያማ፣ ሦስተኛውን አስቆጠረ። 3 ለ 0። ስለ ጨዋታው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዳኛውም ደህና ነበር፤ ደህና መሆኑ ነው የጎዳን።

ጃኬታችንን ሳንዘጋ ወጣን። መንገድ ላይ የዘፈነብን ነበር፣ ከዘፈኑ መሀል ግን ቆም ብሎ «ፖሌ ሳና» የሚለን ይበዛ ነበር፤ አይዞህ እንደ ማለት ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ስድብ አሰናድቶ ይጠብቀኛል ብዬ ስለነበር በማታቱ ውስጥ መልስ ስደረድር ነው የመጣሁት። አንድም ነገር አልተናገረኝም። ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝና «ፖሌ ሳና፣ ቦስ» አለ። «ኢትዮጵያ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ነጋዴው ወዳጄ ባሸነፋት ገንዘብ ጋበዘን። ትንሽ ነበረች፤ ከራሱ ጨመረበት። ክትፎው መጣ። መጀመሪያ ማንም እጁን አልዘረጋም፤ የአገር ሽንፈት የገዛው ክትፎ ነው። ሻምበል አንድ ጊዜ አዩት፣ አንድ ጊዜ ወዳጄን አዩት፣ ከዚያ «ምግብ ምን አጠፋ» አሉና ጎረሱ። ለብለቡ ልክ ነበር፣ ሚጥሚጣው አልበዛበትም፣ አይቡም ትኩስ። ሁለተኛው ሰሐን ሲመጣ የሒሳብ ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኅዳር ላይ ጋና አዲስ አበባ ትመጣለች» አለ።

«እና?» አልን፣ ፊታችንን ሳናነሳ።

«እናማ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጋናዎች ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ነው የሚመጡት።»

ሻምበል እጃቸውን ከሰሐኑ መለሱ። «ከፍታ!» አሉ፣ ከሞያሌ ማዶ የቀረ ዘመዳቸውን በር ላይ ያገኙ ይመስል። «ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ፀሐዩም አለ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ መቆም አይችሉም። ስንት ለስንት ነው የሚበቃን?»

የሒሳብ ባለሙያው ሶፍት ወረቀት ሳበ፤ ቂቤ ነክቶት እስክሪብቶ አልይዝ አለው። ቡና ወደምታፈላው ልጅ ዞረ።

«እኅቴ፣ ሌላ ወረቀት አምጪልን፤ ትልቁን።»